የጫካው ቡና፤ ስለ ጥበቃና ስለ ጥቅም

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)

በየመሥሪያ ቤታችን ረፋዱ ላይ መዝገቡ ለጥቂት ጊዜ ተከድኖ ቡና ሲቀርብ፥ ስለ ዋጋው የሚያማርር፥ ስለ ጣዕሙም የሚያመሰግን ወይም የሚነቅፍ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ያ ቡና ከጀበናው ወደ ሲኒው ከመውረዱ በፊት ስለ ተጓዘው ረጅም የታሪክ መንገድ የሚያስብ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ መንገድ ነው። ይኸውም ቡናን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሳይሆን፥ ቡና ሰው ሳይተክለው በቅሎ ስለሚገኝበት ደንና ከዚያ ደን ወጥቶ ዓለምን ስለ ዞረው ዘር ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚነሡት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በዚህ ዘመን በመንግሥት ጽሑፎች ላይ ሁለት ቃላት እየተደጋገሙ ይታያሉ። አንደኛው ብዝኀ ሕይወት የሚባለው ነው፤ ይህም የዕፀዋት፥ የእንስሳትና የጥቃቅን ሕያዋን ብዛትና ልዩ ልዩነት ማለት ነው። ሁለተኛው ባዮኢኮኖሚ የሚባለው ሲሆን፥ ከእነዚህ ሕያዋን ምግብን፥ መድኃኒትን፥ ማገዶንና የፋብሪካ ጥሬ ዕቃን በማውጣት የሚቆም የሀብት አያያዝ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን እንደ ባላንጣ ይመለከቷቸዋል። የመጀመሪያው «አትንኩ» የሚል ጠባቂ፥ ሁለተኛው ደግሞ «በሥራ ላይ ይዋል» የሚል አልሚ ይመስላቸዋል። የቡና ታሪክ ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል እንዳልሆነ ያስተምረናል።

ታላቁ የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ዕፀዋትን በየስማቸው ሲመዘግብ፥ ለቡናችን «አራቢካ» የሚል ስም ሰጠው። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በዐረብ አገር በኩል ስለ ነበረ፥ ሊቁም የትውልድ አገሩ ዐረቢያ መሰለው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርምር ሁሉ ግን ያረጋገጠው፥ አራቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች፥ ይኸውም በከፋ፥ በሸካ፥ በቤንችና በኢሉባቦር፥ እንዲሁም ከእነዚህ ብዙም በማይርቀው በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ መሆኑን ነው። በእነዚህ ደኖች ውስጥ ቡና የሚኖረው እንደ ባሪያ ሆኖ በረድፍ ተሰልፎ አይደለም፤ ከቀረሮ፥ ከዋንዛና ከሰሳ ጥላ ሥር፥ ከኮረሪማና ከጥምዝ ጋር ተጎራብቶ ነው። አንዱ ዛፍ ከሌላው በቅጠሉ፥ በፍሬው፥ በሽታን በመቋቋም ኀይሉም ይለያል። የደኑ ትልቁ ሀብትም ይኸው መለያየቱ ነው።

ከዚህ ደን የወጣው ዘር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ፤ በ15ኛው መቶ ዓመትም በዚያ አገር ሱፊዎች ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሆላንዶች ከየመን የመነጨውን ዘር በጃቫ ደሴት ተከሉ። ከጃቫ አንድ ተክል በ1706 ወደ አምስተርዳም የዕፀዋት ገነት ተላከ። በ1714 የዚያ ከተማ ሹማምንት ከእርሱ የተገኘውን አንድ ችግኝ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በገጸ በረከት ሰጡ። ከዚያም ዘሩ በ1720ዎቹ በማርቲኒክ በኩል ወደ አሜሪካ ምድር ገባ፤ ብራዚልም በ1727 ተቀበለችው። ፈረንሳዮችም በበኩላቸው ከየመን በቀጥታ ወደ ቡርቦን ደሴት የወሰዱት ሌላ ዘር ነበር። እንግዲህ በላቲን አሜሪካ ተራሮች ላይ ለብዙ ዘመን የተዘረጋው የቡና እርሻ አብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ጠባብ የዘር ሐረጎች የተገኘ ነው። ከጥቂት ችግኞች የተነሡት እነዚያ ሚሊዮን ዛፎች እንደ አንድ እናት ልጆች ተመሳሳዮች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይደለም።

የዚህ መመሳሰል አደጋ በ1869 በሴሎን ደሴት፥ ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው አገር፥ ተገለጠ። በዚያን ጊዜ ሴሎን በዓለም ከታወቁት የቡና አገሮች አንዷ ነበረች። በቡናው ቅጠል ሥር የብርቱካን ቀለም ያለው ዱቄት መሰል ነገር ታየ። ይህም የቅጠል ዝገት የሚባለው፥ ገበሬያችን በስንዴው ላይ ዋግ ከሚለው በሽታ ጋር ዝምድና ያለው ደዌ ነበር። ዛፎቹ ሁሉ በባሕርያቸው አንድ ስለ ነበሩ፥ አንዱን ያጠቃው ሁሉንም አጠቃ። የእንግሊዝ መንግሥት ሊቃውንትን ልኮ አስመረመረ፤ ነገር ግን በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ የቡና እርሻ ከመጥፋት አልዳነም። ባለርስቶቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። ዛሬ የሴሎን ሻይ እየተባለ የሚጠራው ስመ ጥር መጠጥ ከዚያ ጥፋት በኋላ የገነነ ነው። ይኸው ዝገት በ1970 ብራዚል፥ በ1983 ኮሎምቢያ ገባ፤ ከ2012 ጀምሮም በማዕከላዊ አሜሪካ ብዙ ገበሬዎችን ከሥራ ውጭ አደረገ።

ዝገቱ በእኛም ደን ውስጥ አለ። ነገር ግን ሴሎንን እንዳጠፋት ሊያጠፋን አልቻለም። በደኑ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ አንዱ ቢወድቅ ጎረቤቱ ይቆማል።

አድማጮቻችን፤ የደኑ ጥቅም በተግባር የተፈተነው በራሳችን ምድር ነው። በ1971 ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ታይቶ የማይታወቅ፥ የቡና ፍሬ በሽታ የሚባል ደዌ ገባ። ይህ በሽታ በኬንያ ከ1922 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ ፍሬው ገና ለጋ ሳለ እያጠቆረ የሚያረግፍ ነው። በጥቂት ጊዜም ወደ ብዙ የቡና አውራጃዎች ተዛመተ። የውጭ ምንዛሪያችን አብዛኛው ከቡና የሚገኝ ስለ ነበረ፥ የደረሰው ፍርሃት የገበሬው ብቻ ሳይሆን የግምጃ ቤቱም ነበር። መድኃኒት መርጨት ለብዙው ገበሬ ከዐቅሙ በላይ ነበር። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በሽታው ክፉኛ በጎዳቸው ቦታዎች እየተዘዋወሩ፥ በዙሪያቸው ያሉት ዛፎች ፍሬያቸውን ሲያረግፉ እነርሱ ግን ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈለጉ፤ ዘራቸውንም ሰብስበው ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው 74110 ወይም 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች ከዚህ ፍለጋ የተገኙ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለት አኀዞች ዘሩ የተመረጠበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታሉ፤ ሁለቱም የተገኙት ከኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ በጫካው ውስጥ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። በዚያን ጊዜ ደኑ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ፥ ምን ያህል ገንዘብ ብናወጣ ያንን ዛፍ ልንገዛው አንችልም ነበር።

እዚህ ላይ «ታዲያ ዘሩን ሰብስቦ በጎተራ ማስቀመጥ አይበቃምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ እርሱም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። በዚያ የጤፍ፥ የገብስ፥ የስንዴና የማሽላ ዘሮች ደርቀው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይጠበቃሉ። ማዕከሉን ለብዙ ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ስለ ሥራቸው በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የቡና ዘር ግን እንደ ጤፍ አይደለም። ከደረቀና ከቀዘቀዘ የመብቀል ኀይሉ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ቡና የሚጠበቀው ሕያው ሆኖ፥ በመሬት ላይ ቆሞ ነው። በጅማ አካባቢ በጮጬ ከ5,000 በላይ የቡና ናሙናዎች በዚህ ዐይነት ተተክለው ይጠበቃሉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በመስክ የተተከለው ዛፍ የተመረጠበትን ቀን ባሕርይ ይዞ ይቆያል፤ በደን ውስጥ ያለው ግን ከበሽታውና ከአየሩ ጋር እየታገለ፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተለወጠ ይሄዳል። የመስኩ ጥበቃ ደኑን ይረዳዋል እንጂ አይተካውም።

አሁን ደግሞ የደኑን ጥቅም ሌሎች እንዴት እንደ ተጠቀሙበት እንመልከት። በ1930ዎቹ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ የተሰበሰበ ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች፥ ከዚያም በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፥ ቆይቶም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ምርቱ ጥቂት ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን ዋጋ የሰጠው አልነበረም። በ2004 ግን በፓናማ በተደረገ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣና፥ በዓለም ገበያ ተራ ቡና በፓውንድ አንድ ዶላር በማይሞላበት በዚያን ጊዜ፥ በጨረታ በ21 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት የብራዚል ሊቃውንት ካፌይን እጅግ የጐደላቸው ሦስት የአራቢካ ዛፎች ማግኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ። የዛፎቹ ዘር በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ በላከው የጥናት ቡድን ተሰብስቦ፥ በኮስታ ሪካ በኩል ብራዚል የደረሰ ነበር።

ይህን ስንሰማ ቅሬታ ቢሰማን አያስደንቅም። ሆኖም ታሪክን በሚዛን መናገር ይገባል። በ1964 ዘሩ የተወሰደው በድብቅ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ የዕፀዋት ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው የሚል አስተያየት በዓለም ላይ ጸንቶ ነበር። እኛም ብንሆን ከዚህ ልማድ ተጠቅመናል። ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬ፥ በየደጃችን የሚጠበሰው በቆሎ፥ ድንቹም ጭምር ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ ባሕር ዛፉም ከአውስትራሊያ ነው። ለእነዚህ ለማንም ቀረጥ አልከፈልንም። ችግሩ የመጣው፥ አንዱ ወገን ዘሩን በነጻ ከሰጠ በኋላ ሌላው ወገን ከዚያ ዘር ባገኘው ነገር ላይ የብቸኝነት መብት ማውጣት በጀመረ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት፥ መንግሥታት በምድራቸው ባለው የዘር ሀብት ላይ ሉዐላዊ ሥልጣን እንዳላቸው ደነገገ። ስምምነቱ ሦስት ዓላማዎች አሉት፤ እነርሱም ጥበቃ፥ ዘላቂ አጠቃቀምና የጥቅም ፍትሐዊ ክፍፍል ናቸው። ኢትዮጵያም በ1994 አጸደቀችው። በኋላም በእኛ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ሳይሰጠው ዘር ይዞ የሚወጣ ሰው በሕግ ይጠየቃል፤ ከሚገኘውም ጥቅም ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው።

ሕግ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተፈረመ። ውሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ከሽያጩ ለኢትዮጵያ ድርሻ እንደሚከፈልም ይናገር ነበር። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የፈጠራ መብት በአውሮፓ አስመዝግቦ ኖሮ፥ በ2007 ተፈቀደለት፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ። መብቱ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ፥ ግዴታው ግን ከከሰረው ኩባንያ ጋር ቀረ። ለኢትዮጵያ የደረሰው ከጥቂት ሺህ ዩሮ የበለጠ አልነበረም። በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ያ መብት አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ በሆላንድ አገር ዋጋ አሳጣው። ፍርዱን ያስገኘው ክርክር ግን በሁለት የውጭ ነጋዴዎች መካከል የተነሣ እንጂ እኛ የከፈትነው አልነበረም። ውል ከመፈረም ይልቅ ውልን መከታተል እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

እስካሁን የተናገርነው ከሩቅ ስላለው ተጠቃሚ ነው። ወደ ደኑ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ሰው እናገኛለን፤ እርሱም በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። በከፋና በሸካ ከጥንት ጀምሮ ኮቦ የሚባል ሥርዐት ነበር። ደኑ በየቤተ ሰቡ ድርሻ ተከፍሎ፥ ባለ ኮቦው በድርሻው ቀፎ ይሰቅላል፥ ማር ይቈርጣል፥ ቅመም ይለቅማል። ንቡ ያለ ዛፍ አይኖርምና ዛፉን የሚጠብቀው ራሱ ተጠቃሚው ነበር። የዛሬ ሊቃውንት ባዮኢኮኖሚ የሚሉትን ነገር እነዚያ አባቶች ስም ሳያወጡለት ይሠሩበት ነበር ማለት ይቻላል። በ1975 መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፥ ይህ ሥርዐት ተዳከመ። የሁሉም የሆነው ደን የማንም ያልሆነ መሰለ፤ በሰፈራ፥ በእርሻ መስፋፋት፥ በሰፋፊ የሻይና የቡና ተክል ምክንያትም ብዙው ተመነጠረ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቡና ደንን ያድናል የሚለው ነገር በግማሹ እውነት፥ በግማሹ ደግሞ ስሕተት ነው። የቡና ዋጋ ጥሩ ሲሆን ገበሬው ደኑን ለበቆሎ አይመነጥርም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ምርቱን ለማብዛት ሲል ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፥ ጥላውን ያሳሳል፥ ለነገ የሚተኩትን ትናንሽ ዛፎች ያጠፋል። የጫካ ቡና የነበረው ከፊል የጫካ ቡና ይሆናል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደን ይመስላል፥ በውስጡ ግን ወራሽ የሌለው ሽማግሌ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ከችግኝ ጣቢያ የወጣውን ምርጥ ዘር ወስዶ በደኑ መካከል ሲተክለው፥ ያ ዘር ከጥንቱ ቡና ጋር ይዳቀላል። ከደኑ ያገኘነው መድኃኒት ራሱ ደኑን አንድ ዐይነት ሊያደርገው ይችላል። ሴሎንን ያጠፋት ጠላት ዝገቱ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዐይነትነትም ነበር።

ይህን ለማስታረቅ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂት አይደሉም። በ1990ዎቹ በቦንጋ አካባቢ ደኑን ከነዋሪው ጋር በውል የማስተዳደር ሥራ ተጀመረ። በ2010 የከፋና የያዩ ደኖች፥ በ2012 ደግሞ የሸካ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ተመዘገቡ። በእነዚህ ስፍራዎች መሬቱ በሦስት ይከፈላል። በእምብርቱ መቊረጥም መትከልም አይፈቀድም፤ በዙሪያው ባለው ቀለበት ማር፥ ቅመምና የጫካ ቡና ይሰበሰባል፤ በውጭው ክፍል ግን ሰው እንደ ልማዱ ያርሳል። በገበያም በኩል በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፥ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክታ፥ በ2007 ከታላቁ የቡና ነጋዴ ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። ይህም በስም ውስጥ ያለውን ሀብት ለማስከበር የተደረገ ጥረት ነው።

ቢሆንም ዋናው ሒሳብ ገና አልተዘጋም። ከደኑ የሚሰበሰበው ቡና ሲሸጥ ዋጋው የሚተመነው በፍሬው ክብደትና ጥራት ነው። በዚያው ዛፍ ውስጥ ያለው በሽታን የመቋቋም ኀይል፥ ለመጪው ዘመን የተቀመጠው ተስፋ፥ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ገበሬው ለዓለም ሁሉ የዘር ጎተራ እየጠበቀ፥ የሚከፈለው ግን የለቃሚ ዋጋ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ወገኖች 75ቱ የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል። የአየሩ መሞቅ ሲጨመርበት፥ የእኛም የጫካ አራቢካ ከእነዚህ ውስጥ ተቈጥሯል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህ ነገር የገበሬና የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ደን የሚመነጠረው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ በማኅተምም ይመነጠራል። የመሬት ፈቃድ የሚጽፈው፥ ካርታውን ሳይመለከት የሚያጸድቀው፥ የውጭ ውል ከተፈረመ በኋላ መዝገቡን በመደርደሪያ ላይ የሚረሳው፥ የማኅበረሰቡን ድርሻ የሚያዘገየው ሁሉ የእኛ የሥራ ባልደረባ ነው። እንዲሁም በመልኮ ጤነኛውን ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ የዞሩት ሰዎች እንደ እኛው ደመወዝ የሚከፈላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። በጸጥታ የሠሩት ሥራ ግን እስከ ዛሬ የብዙ ሺህ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆኗል።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይላሉ። ገበሬ ክፉ ቀን ቢመጣበት እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት የመጨረሻ ሰው ነው፤ ያን ከበላ ለከርሞ የሚዘራው እንደማይኖረው ያውቃልና። የደቡብ ምዕራቡ ደን የአገሪቱ የዘር እህል ነው። ከላዩ ማሩን፥ ቅመሙንና ፍሬውን እንብላ፤ በዳሩ የሚኖረውም ሰው አስቀድሞ ይብላ። ዘሩን ግን አንብላ። ነገ ረፋድ ላይ ሲኒው በጠረጴዛችን ላይ ሲቀመጥ፥ ከአጠገቡ የተከፈተው መዝገብ የትኛውን ደን እንደሚነካ አንድ ጊዜ መመልከት ከእኛ የሚጠበቅ ትንሹ ሥራ ነው።